የወይዘሮ ገነቴ ቤት የት ገባ?

በፖሊስነት ዘመኔ በግ ሲሰረቅ አይቻለሁ፣ ቅቤ ከነቅሉ ሲሰረቅ አይቻለሁ፣ አንዴ ደግሞ የአንድ ቄስ ጥምጥም ከራሳቸው ላይ ተሰርቆ አመልክተውኛል። ቤት ተሰርቆ ያየሁት ግን ሆሳዕና ከተማ ላይ ብቻ ነው። ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ እኔን ጠናን ከነማዕረጌ ጠይቁ፤ ያኔ የመቶ አለቃ ነበርኩ።

መስከረም ሃያ ስድስት ቀን 1958 ዓመተ ምሕረት፣ ጠዋት ነው። ዱራሜ ለሥራ አሥር ቀን ከርሜ መመለሴ ነበር። ገና ቆቤን ሰቅዬ ቁጭ ከማለቴ አንዲት ሴት የቢሮዬን በር በርግዳ ገባች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ነጠላዋ ተንሸራቶ መሬት ይጠርጋል።

«ጌታዬ፣ ቤቴን ወሰዱብኝ!»

«ማን ገባበት?»

«ማንም አልገባበትም። ቤቱ የለም!»

«ተቃጠለ?»

«ኧረ አልተቃጠለም! ቢቃጠል አመዱ የት ይሄዳል? የለም እኮ ነው የምልዎት። ጣራው የለም፣ ግድግዳው የለም፣ በሩ የለም!»

በር ላይ የቆመው ረዳቴ አሥር አለቃ ሳህሉ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሳህሉ የቦኖሻ ልጅ ነው፤ የሀዲያን አገር እንደ መዳፉ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ነኝ፤ የማውቀው ደንቡን ብቻ ነው። ገላመጥኩትና ሴትዮዋን አስቀመጥኳት።

ስሟ ገነቴ ነው። ቅቤ ነጋዴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በባሏ ወንድም ጓሮ ከጥጆች ጋር ስትኖር ከርማ፣ ባለፈው ሰኔ ከገበያው ጀርባ ከማዘጋጃ ቤት ቦታ አገኘች። በነሐሴ ጎረቤት በደቦ የሣር ቤት ሠራላት። ጭቃው ግን አልተመረገም፤ ዝናቡ ሲያባራ ላስመርገው ብላ ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ ማለት ነው፣ ወደ ዘመዶቿ ሆመቾ ሄደች። ዛሬ ጠዋት በጭነት መኪና ስትመለስ ቦታው ባዶ ሆኖ ጠበቃት።

«ይኸውልዎት» ብላ ከጉያዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ የቦታው ነው። እስከ መስከረም ሠላሳ ቤት ያልተሠራበት ቦታ ለቀጣዩ ተራ ጠባቂ እንደሚሰጥ በግልጽ ይላል።

ጣቴን ቆጠርኩ። አራት ቀን።

«ሌላ ጎጆ ቶሎ ብታስቀልሺስ?»

ሳህሉ ጣልቃ ገባ። «ጌታዬ፣ የቤት ሣር ከጥቅምት በፊት አይታጨድም። አሁን በሆሳዕና ዙሪያ አንድ ሸክም ሣር አያገኙም።»

«ከእንግዲህ የሰው ጓሮ አልመለስም» አለች ገነቴ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። «እንደገና ጥጃ ልሁን? አልመለስም፣ የመቶ አለቃ።»

አንጀቴን በላችው። ተነስተን ወደ ቦታው ሄድን።

ቦታው የተጠረገ ነው። አባባል አይደለም፤ በመጥረጊያ ተጠርጓል! የምሰሶው ጉድጓድ በአፈር ተሞልቶ ተረግጧል። ከጓሮ የተተከሉት ሠላሳ ስድስት የእንሰት ችግኞች አንድም ቅጠል አልጎደለባቸውም። ቤት ሰርቆ ወለል ጠርጎ የሚሄድ ሌባ በሥልጠናዬ አልተነገረኝም።

ዞር ስል የሰፈሩ አጥር ሁሉ ዓይን አብቅሏል። እኛ ስንቃረብ ዓይኖቹ ጠፉ፣ በሮቹም ተዘጉ። ይኼኔ ጠረጠርኩ። መጠርጠሬ መልካም ነበር፤ ቀጥሎ ያደረግሁት ግን የዕድሜ ልክ ሞኝነቴ ነው።

«ስሚ፣ ገነቴ» አልኳት ቆፍጠን ብዬ። «ምርመራው እስኪያልቅ ከዚህ ሰፈር ድርሽ እንዳትይ። ከማንም ጋር እንዳትነጋገሪ። እኔ ቤት ከባለቤቴ ከታንጉት ጋር ታድሪያለሽ።»

ሁለት ፖሊሶች በመሀል አድርገዋት ስትሄድ ሰፈሩ በአጥር ቀዳዳ አየ።

ሳህሉን ቦታውን እንዲለካ ትቼው የጎረቤት ቃል መቀበል ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ጵርስቅላ ናት፤ በቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን መሪ፣ ድምጿ ከሦስት ሰፈር የሚሰማ።

«ቤቱ ሲሄድ አላየሽም?»

«ነፋስ ነው የወሰደው።»

«ነፋስ?»

«ከባድ ነፋስ ነበር፣ የመቶ አለቃ።»

«ያንቺን ልብስ እንኳ ከገመድ ላይ ያላወረደ ነፋስ የሰው ቤት ወሰደ?»

ቀና ብላ የተሰጣውን ልብሷን አየች። «የጌታ ሥራ ዕፁብ ነው» አለችና በሯን ዘጋችብኝ።

ቀጥዬ ወደ አቶ ኤርጫፎ ግቢ ሄድኩ። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በደቦ ቤት የሚያሠሩም እሳቸው። ደጃቸው ስደርስ የመስከረም ዝናብ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ሳልጋበዝ በእንሰቱ መሀል ሮጬ ቅርብ ወዳገኘሁት ጎጆ ገባሁ። ሽማግሌው ከኋላዬ ተከተሉኝ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እዚህ አይሆንም፣ ልጄ! ወደ ትልቁ ቤት እንግባ!»

«ግድ የለም አባቴ፣ ይበቃኛል።»

አይበቃም ነበር። ጎጆው በር የለውም፣ ሰሌን ነው የተጋረደበት። በግድግዳው ክፍተት ንፋስ እየገባ አጥንቴን ይበላኛል። ግን በቡላ፣ በቅቤና በአይብ የተሠራውን የያሆዴ ምግብ፣ አተካናውን፣ አቀረቡልኝ። ማን ስለ ብርድ ያስባል! ጣቴን እየላስኩ ጠየቅሁ።

«ቤቱን ማን ወሰደው፣ አባቴ?»

«ጆሮዬ አይሰማም።»

«አተካናው ግሩም ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጨምርልዎት?»

ጆሯቸው እንደፈለገ የሚከፈትና የሚዘጋ እንደሆነ መዝግቤ ወጣሁ።

ያን ቀን ደስ ብሎት ያናገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ደላላው ወንዳፈረው። መንገዱ ደርቆ የጭነት መኪናው ሲገባ የቦታ ገዢም አብሮ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ፣ መስከረም ለወንዳፈረው የመኸር ወር ነው። ራሱ ፈልጎኝ መጣ፤ ሁለት ቀልድ ነገረኝና አሳቀኝ።

«እኔ ከመስቀል ማግሥት እስከ ትናንት ሀደሮ ነበርኩ፣ ጌታዬ። ዝንጅብል ስገዛ። ገና ከማሳው የተነቀለ፣ አፈሩ እንኳ ያልረገፈ ዝንጅብል! ስመለስ ይህን ጉድ ሰማሁ።» ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ባለሱቁን ጥሩሰውን ያየው አለ? ሱቁን ወደ ገነቴ ቦታ ማስፋት ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። እኔ ምንም አላልኩም።»

ቃሉን ከነዝንጅብሉ ጻፍኩት። ቅን ሰው መስሎኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጵርስቅላ ጣቢያው ደጃፍ ላይ በሞሰብ ምግብ ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ስድስት መዘምራን አሉ።

«ለማን ነው?»

«ለታሰረ ሰው» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። መዘምራኑም ስለ እስረኞች መፈታት መዝሙር ጀመሩ። በዕለቱ ያሰርነው አንድ የሰከረ ሾፌር ብቻ ነው፤ ምግቡን ሰጠነው፤ እንዲህ የምትወዱኝ አይመስለኝም ነበር ብሎ አነባ።

እኔ ግን ባለሱቁን ጥሩሰውን ፍለጋ ወጣሁ። የጉራጌ ነጋዴ መስቀልን በአገሩ ሳይሆን ሌላ ቦታ ቢያከብር እናቱ አትቀበለውም፤ ስለዚህ በዚያ ሰሞን የሆሳዕና ሱቅ ሁሉ ይዘጋል። ጥሩሰው ሱቁን ሲከፍት ደረስኩበት። እጄን ልዘረጋ ስል ተጠምጥሞ ትከሻውን ከትከሻዬ ጋር ገጭ፣ ገጭ፣ ገጭ አደረገው።

«እንኳን አደረሰህ፣ የመቶ አለቃ!»

«አብሮ ያድርሰን። የገነቴ ቦታ ያስፈልግሃል አሉ።»

«ያስፈልገኝ ነበር። ጠየቅኋት፣ እምቢ አለችኝ፣ በቃ። ከመስከረም አሥራ ሦስት እስከ ትናንት አገሬ ነበርኩ፤ ከኔ ጋር በአንድ መኪና የሄደውን ሰው ሁሉ ጠይቅ። ለመሆኑ ቤት በምን ልሸከም፣ በጆንያ?»

በዚህ መሀል አቶ ኤርጫፎ በሱቁ ፊት ሲያልፉ ጥሩሰው አያቸው። «አባቴ! እንኳን አደረስዎት!» ብሎ እየሮጠ ሄዶ ትከሻቸውን ገጭ ሲያደርግ፣ ሽማግሌው «ዋይ!» ብለው ጮኹ። ቀኝ ትከሻቸውን ይዘው ቁጭ ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

«ምን ሆኑ?»

«ዕድሜ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ግን ጆሯቸው በደንብ ሰማ።

ከኋላቸው አንድ ጎረምሳ ይመጣል። ሄጄ እንኳን አደረሰህ ብዬ ትከሻውን ገጨሁት። «ዋይ!» አለ። ይኼ ደግሞ ዕድሜው ሃያ አይሞላም!

 ከዚያ በኋላ ያደረግሁት በፖሊስ መመሪያ ውስጥ የለም። ሳህሉን አስከትዬ በሰፈሩ ከቤት ቤት እየዞርኩ የእንኳን አደረሳችሁ ሰላምታ ማቅረብ ጀመርኩ። ፖሊስ ሰላም ሲል እምቢ የሚል የለም። ገጭ! «ዋይ!» ገጭ! «ኧረ በጌታ!» አንድ ሰውዬ እኔን ሲያይ ቀኝ ትከሻውን ደብቆ ግራውን ሰጠኝ፤ ቀኙን ፈልጌ ገጨሁት። ሃያ ሦስት ሰው ሰላም ብዬ ሃያ ሦስቱም ጮኹ። ሳህሉ ሳቅ ገድሎት አጥር ተደግፎ ቀረ።

ሁሉንም በአቶ ኤርጫፎ ግቢ ሰበሰብኳቸው።

«ጣራ የተሸከማችሁበት ትከሻ ነው። ቤቱን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ። የት አደረሳችሁት?»

አቶ ኤርጫፎ ብድግ አሉ። «መጀመሪያ ሴትዮዋን ፍቱልን። ከዚያ እኛን እሰሩን።»

«የቷን ሴትዮ?»

«ገነቴን።»

«ማን አሰራት?»

«ታዲያ እርስዎ ወስደው ለምን አሳደሯት?»

«ቤት ስለሌላት ነዋ!»

ሰፈሩ እርስ በርሱ ተያየ። ጵርስቅላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቀድሞ የሳቀው ሳህሉ ነው፣ ከዚያ ጎረምሳው፣ ከዚያ ሁሉም። እኔም እየተናደድኩ ሳቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ሃያ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ የገነቴ በር ላይ ቀይ መስቀለኛ ምልክት ተቀብቶ አዩ። ቀይ ምልክት ማለት በሆሳዕና ማንም ያውቀዋል፤ ለመንገድ የሚፈርስ ቤት ነው፣ ሦስት ቀን ይሰጠዋል። ሆመቾ ሰው ላኩ፤ ቦኖሻ አክስቷ ጋ ሄዳለች አሏቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ለበዓል ተዘግቷል። እኔ ዱራሜ ነኝ፣ ሳህሉም አገሩ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሲፈርስ ቆመን አናይም ብለው ጣራውን አንስተው ተሸከሙት፣ ግድግዳውንም ከነማገሩ ነቅለው አወጡት። ጭቃ ስላልተመረገ አንድ እንጨት አልተሰበረም። ባለቤቷ ስትመጣ ቅር እንዳይላት ብለው ወለሉን ጠረጉላት። አምና ምልክት የተደረገበትን ቤት ቆርቆሮ ያሸሸ ሰው ታስሮ ስለነበር ግን፣ ገነቴ ማንንም ሳትጠይቅ ወደ እኔ ሮጣ፣ ቀጥሎም በፖሊስ ተይዛ ሲያዩ ጊዜ ሁሉም አፉን ለጎመ።

«ቤቱስ አሁን የት ነው?»

አቶ ኤርጫፎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትናንት አተካና የበሉበት ነው።»

ምን ልበል? ገነቴ ግድግዳው ያልተመረገ መሆኑን ነግራኛለች፤ ንፋሱም በግድግዳው ገብቶ ነግሮኛል። እኔ ግን ጣቴን እልስ ነበር።

በሩን ከእንሰት ቅጠል ሥር አወጡልኝ። ቀዩ ምልክት አለበት። በማግሥቱ፣ ሃያ ስምንት፣ በዓሉን ጨርሶ የተመለሰውን የማዘጋጃ ቤቱን ቀያሽ አስጠራሁት። ቀያሹ አቶ ተክለጊዮርጊስ በሩን ገና ከሩቁ ሲያይ ቱግ አለ።

«ይህ የኔ አይደለም! እኔ ቁጥር ሳልጽፍ ምልክት አላደርግም። ደግሞስ መንገዱ የሚያልፈው በወንዙ በኩል ነው፤ እዚህ ምን ይሠራል?»

ስለዚህ ሌባ ባይኖርም ወንጀለኛ አለ። አንድ ሰው ገነቴ ደንግጣ ቤቷን በገዛ እጇ እንድታፈርስ ፈልጓል። ወደ ጥሩሰው ተመለስኩ።

«ቀይ ቀለም የሚሸጠው ማነው?»

«እኔ ብቻ ነኛ።»

«በበዓሉ ሰሞን ለማን ሸጥክ?»

«ሱቄን ስዘጋ አንድ ጣሳ ለወንዳፈረው ሰጥቻለሁ። የብረት በሬን ልቀባ ብሎ ነው።» ትንሽ አሰበና፦ «ሰውዬው ግን የብረት በር የለውም እኮ» አለ።

ወንዳፈረው ደግሞ ምልክቱ በተቀባበት ሌሊት ሀደሮ ነው። ራሱ ነግሮኛል፣ እኔም ጽፌያለሁ። ተስፋ ቆርጬ ጣቢያ ገባሁና ሳህሉን የምስክሮቹን ቃል በጥሩ ጽሑፍ ገልብጥ አልኩት። ጥቂት እንደቆየ ከጠረጴዛው ማዶ ድንገት ፍንድት ብሎ ሳቀ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ጌታዬ፣ ይህን ዝንጅብል እርስዎ ጻፉት ወይስ እሱ ተናገረው?»

«እሱ ነው። ከማሳው የተነቀለ፣ አፈሩ ያልረገፈ።»

«በመስከረም? መስከረም ላይ ዝንጅብል ገና ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ኅዳር ሳይገባ የሚነቅል የሀደሮ ገበሬ ሚስቱ ከቤት ታባርረዋለች!»

ወንዳፈረው ቀልድ ይዞ ገባ። አልሳቅሁለትም። ወንበር ሰጠሁትና ጠየቅሁት።

«ዝንጅብሉን ከማን ማሳ ነው የገዛኸው?»

«ከ... ከአንድ ገበሬ።»

«ስሙን ንገረኝና ሳህሉ ሄዶ ይመልከት። በመስከረም የደረሰ ዝንጅብል ለአገር የሚጠቅም ነው፣ ለእርሻ ሚኒስቴር እንጽፋለን።»

ወንዳፈረው ሳህሉን አየ፤ ሳህሉ ጥርሱን ገልጦ ተመለከተው። የደላላው ትከሻ ወረደ።

«ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። ቤቱን ግን አልሰረቅኩም! ራሷ ታፈርሰዋለች ብዬ ነው። ከሷ ቀጥሎ ያለው ተራ በወንድሜ ስም ነው፣ ገዢም አግኝቼለት ነበር። ቤቱ ሲጠፋ እኔም ደነገጥኩ፣ ጌታዬ፤ ማን ቀደመኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ!»

የሱን ነገር ለዳኛ ተውኩት። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ቤቱ ተገኝቷል፣ ግን የቆመው የሰው ግቢ ውስጥ ነው። ለገነቴ ስነግራት ታንጉትን አቅፋ እየጮኸች ዘለለች፤ ከዚያ ድንገት ቆም አለች።

«ሠላሳ መቼ ነው?»

«ከነገ ወዲያ።»

በማግሥቱ ሃያ ዘጠኝ ሰማዩ ተቀደደ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ የራሰ የሣር ጣራ ደግሞ መቶ ሰውም አያነሳውም። ገነቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዝናቡን ስታይ ዋለች። 

መስከረም ሠላሳ ፀሐይ ወጣች። ጣራው እስኪያንጠፈጥፍ እስከ አራት ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ሰፈሩ ወጣ፤ ያ ሁሉ የታመመ ትከሻ! ከመዘምራኑ ጋር ስልሳ ሰው ሆነናል። ጥሩሰው ሱቁን ዘግቶ መጣ። እኔም ኮቴን አወለቅኩ። ግድግዳው ቀደመ። ወንዳፈረውን ሳህሉ ከጣቢያ አምጥቶ አንድ ቋሚ አሸከመው፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፣ ብቻ ከባዱን ሰጡት። ጣራውን ተሸክመን ከእንሰቱ ስንወጣ አቶ ኤርጫፎ ከፊት በሀዲይኛ ያዜማሉ፣ ስልሳው ይቀበላል፣ ጵርስቅላ ብቻዋን የስልሳውን ድምፅ ትውጣለች።

ገበያው ዘንድ ስንደርስ የማዘጋጃ ቤቱ ሦስት የኮሚቴ አባላት ጃንጥላ ይዘው በባዶው ቦታ መሀል ቆመው አየን። ሰብሳቢው ብዕሩን አውጥቷል።

«ቤቱ የታለ?» ብሎ ጠየቀ።

«እየመጣ ነው!» አሉ አቶ ኤርጫፎ።

ሰውዬው ቀና ሲል ጣራ በሰው እግር እየሄደ ሲመጣ አየ። ጃንጥላውን አጠፈ። ሰዓቱን ተመለከተ፣ ገነቴን ተመለከተ። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ በሩን በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች።

«ቀኑ ገና አልመሸም» አለና ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ።

ግድግዳው ቆመ፣ ጣራው ዘንበል ብሎ ወረደ፣ ምሰሶው ዳግም የተቆፈረውን ጉድጓዱን አገኘ። በሩ ተገጠመ። ሰብሳቢው ዞሮ አየ፣ ምሰሶውን ነቅነቅ አደረገ፣ ከዚያም በወረቀቷ ላይ «ቤት አለ» ብሎ ጽፎ ፈረመበት። እልልታው የገበያውን አህዮች አስደነበረ።

ላብ በላብ ሆነን ልንገባ ስንል ገነቴ በሩ ላይ ቆመችና እጆቿን ዘረጋች።

«ቆዩ! አንዴ ብቻዬን ልግባ።»

ገባች። በሩን ከውስጥ ዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማን። ስልሳ ሰው ደጅ ላይ ቆምን። ከውስጥ አንድ እርምጃ ወዲህ፣ አንድ እርምጃ ወዲያ ይሰማል። ከዚያ ምንም። አቶ ኤርጫፎ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። እንደ ወጉ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተጣራሁ።

«ቤቶች!»

«ማነው?» አለች ከውስጥ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤ ግን የባለቤት ድምፅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በሰው ጓሮ ስትኖር ማንም አንኳኩቶባት አያውቅም፣ ማነው ብላም ጠይቃ አታውቅም።

«ጠና ነኝ፣ ከሰፈሩ ጋር።»

«ቆዩ፣ መጣሁ!» አለች። በሩ ግን ወዲያው አልተከፈተም። ታንጉት አጠገቤ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች፣ እኔም ከሷ አልተሻልኩም።

«እንግዳ እኮ ደጅ ቆመ!» ብላ ጵርስቅላ ጮኸች።

«ይቁም!» አለች ገነቴ፣ እየሳቀች። «ቤቴ ነው!»